ስሙ የተሠረዘው ቁልቁለት

እነዚህን ዘጠኝ ደብዳቤዎች በዝናብ መዝገቤ ጀርባ የገለበጥሁ እኔ ዓለምነው ቢተው ነኝ። የራሴን ከመላኬ በፊት፣ የተጻፈልኝን በደረሰኝ ቀን እገለብጣለሁ። ከአንድ ነገር በቀር ምንም አልጨመርሁም፣ ምንም አልቀነስሁም። ያ አንድ ነገር የቦታው ስም ነው። ስሙ በመጣበት ሁሉ በቀለም ደፍኜዋለሁ። አምበር ተጠቅሷል፤ አማኑኤልም ደምበጫም ተጠቅሰዋል። በሦስቱም ዙሪያ ብትዞሩ ጫማችሁን ትጨርሳላችሁ እንጂ አታገኙትም። ምክንያቱን የፈለገ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ፕራግ፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዓለምነው ቢተው፤

ጤናዎን፣ የቤትዎን ሰላም፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ከሩቅ ሆኜ እጠይቃለሁ። አያቴ ወይዘሮ ያለምወርቅ ብትኖር ኖሮ «መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ ተናገሪ» ትለኝ ነበርና ልናገር። ማርያማዊት አንተነህ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የያለምወርቅ የልጅ ልጅ። በ1997 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ፣ በተዝካሯ ላይ ተገናኝተናል። ፈረንጅ አገር ስለ ሸረሪት እንደምማር ሲሰማ ድንኳኑ ሁሉ ሲስቅ እርስዎ አልሳቁም። በማግስቱ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሰው መጥተው በአረቄ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ሸረሪት ሰጡኝ። «አረቄው ዳግም ነው፤ እንዳትቀምሺው» ያሉኝን አልረሳሁም።

ፈቃድ አውጥቼ ይዤው መጣሁ። በምሠራበት ሙዚየም ከአፍሪካ የመጡ ሸረሪቶች በሺህ ይቆጠራሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሁሉም ጋር ሳስተያየው ቆየሁ። መምህሬ አየው፤ ሌሎች ሁለት አዋቂዎችም አዩት። አባባ፣ ይህ ሸረሪት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ታራንቱላ ከሚባሉት፣ ከትልልቆቹ ባለጠጉር ሸረሪቶች ወገን ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ማንም ጽፎት አያውቅም። ለሳይንስ ያስገኘው የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። የት ቦታ አገኙት? ምን ያህል ጉድጓድ አለ? በየትኛው ወር ይወጣሉ? ገልጬ ለማሳተም በተለይ የቦታው ስም የግድ ያስፈልገኛል። ለድካምዎ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በሚቀጥለው እልካለሁ።

በረከትዎ ይድረሰኝ፤
ማርያማዊት

ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለማርያማዊት አንተነህ፤

የያለምወርቅ አምላክ በባዕድ አገር እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅ። እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ በአርባኛው ቀን በአምበር ገበያ በኩል ደረሰኝ። ገንዘብ አትላኪ። ሸረሪት አልሸጥሁልሽም።

መጀመሪያ ማን እንደሚጽፍልሽ እወቂ። ሐምሌ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. የሜትሮሎጂ ሰዎች ደጄ ላይ የዝናብ መለኪያ ተክለው «ጧት ጧት በሦስት ሰዓት እያየህ ጻፍ» አሉኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁ ከቄስ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ቁጥር የተማርሁ ከስኳር ከረጢት ላይ ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሦስት ሰዓት አልፎኝ አያውቅም። ሚስቴን የቀበርሁ ዕለት እንኳ ለክቼ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣሁ። ዝናብ በሌለበት በጥርም አያለሁ፤ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ። ሰዎች «ደረቅ ሰማይ ሥር ምን ታያለህ?» ይሉኛል። ዜሮ የሚጻፈው አይተው ሲያጡ ነው። ሳያይ ዜሮ የሚጽፍ ሰው ውሸታም ነው።

ሸረሪቶቹንም ያወቅሁ በዚሁ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ስጽፋቸው ኖሬአለሁ። ወንዱ እግረ ረዥምና ከሲታ ነው። ክረምቱ ካባራ በኋላ ከዘጠነኛው እስከ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሲበርድ ይወጣል፤ ሴቷን ፍለጋ ይዞራል፤ ከዚያ ይሞታል። ሴቷ ከጉድጓዷ ደጅ አትርቅም።

ጠላቷ ሰው ነው። አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን የቆዳ ቁስል የምታመጣው ሸረሪት ስትሸና ነው ይላሉ። የፈላ ውኃ እየያዙ በየጉድጓዱ ያፈሳሉ። ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት እንስራ ጨርሳለች።

ጉድጓዱን ቆጥሬ እጽፍልሻለሁ። በክንድና በስንዝር የተለካ ነገር አልወድም፤ የብረት ሜትር ላኪልኝ። እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የቦታው ስም ከታተመ በኋላ የሚያነበው ማን ነው? አንብቦስ ምን ያደርጋል?

ጤና ይስጥሽ፤
ዓለምነው ቢተው

ፕራግ፣ የካቲት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

የጻፈልኝ እጅዎ አይድከም። ደብዳቤዎን ለመምህሬ ተርጉሜ ሳነብለት ከወንበሩ ተነሣ። እንዲህ ያለ የዐሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ በየትም አገር የለም አለኝ። የብረት ሜትሩ ከዚህ ጋር ተልኳል፤ ዐምስት ሜትር ነው።

ስለ ፈላው ውኃ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። አባባ፣ የዚህ ወገን ሴት ለአካለ መጠን ለመድረስ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጅባታል፤ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። አንዷን መግደል የአንድ ወቅት ትል እንደ መግደል አይደለም። በዓለም ላይ ከእርስዎ ቁልቁለት ሌላ መኖሪያ እንዳላት አናውቅም። በዚህ አያያዝ ጥቂት ዓመት ከቀጠለ፣ ስም ሳታገኝ ከምድር ትጠፋለች። እንደምንም ሰዉን ያስቁሙልኝ።

በእርስዎ ስም ልሰይማት አስቤአለሁ። የቦታውን ስም አሁንም እጠብቃለሁ፤ ያለ እሱ ማሳተም አልችልም።

አክባሪ ልጅዎ፤
ማርያማዊት

ግንቦት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለማርያማዊት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለመምህርሽም፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም።

ሜትሩ መልካም ብረት ነው። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በገመድ ሸንሽኜ ቆጠርሁ። ርዝመቱ ሁለት መቶ ዐሥር፣ ወርዱ ዘጠና ሜትር ነው። ባለቤት ያለው ጉድጓድ ስድሳ አንድ ነው። ባዶውን አልቆጠርሁም። ባለቤት መኖሩን የማውቀው የስንደዶ ጫፍ ድሩን ሲነካው ከውስጥ ሳብ ሲያደርገው ነው።

ስለ ፈላው ውኃ የጠየቅሽኝ ተፈጽሟል። እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠን ነበር። እንዳላማው አብሮ አደጌ ነው፤ ምላሱ ከበሬው ይልቅ ይሠራል። ጽዋውን ይዞ «አንተ ዓለምነው፣ ሸረሪት ማገድ ጀመርህ አሉ። ለመሆኑ ስንት ትታለባለች?» አለኝ።

ሰዉ ሣቀ። ወለተ ሥላሴ ግን አልሣቀችም። «ይሳቁ! አምና ጎኔን አልማዝ ባለጭራ ሲበላኝ አርባ ቀን በግራዬ አልተኛሁም። አያ ዓለምነው ደግሞ ለጠላቴ በየደጇ ቁጥር ይሰጣሉ» አለች።

«ስትሸናብሽ አይተሻል?» አልኋት።

«ተኝቼ ሳለሁ ነዋ!»

«ተኝተሽ ያላየሽውን እንዴት ትመሰክሪያለሽ?»

«ጎኔን አይቻለሁ!»

ክርክር አልወድም። ሸረሪቷን በጣሳ ይዣት ነበር የመጣሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴ ላይ አወጣኋት። የሕፃን መዳፍ ታክላለች። ቀለሟ እንደ ኑግ ነው፤ የእግሯ ጫፍ ብቻ የደረሰ ገብስ ይመስላል። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሚካኤል መቋሚያቸውን በእኔና በእሳቸው መካከል አቆሙና «ዓለምነው፣ ሰንበት ነው እኮ!» አሉ። እንዳላማው ከነጽዋው ደጅ ነበር። ሸረሪቷ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ቀስ ብላ ወረደች። «ሳምንት በዚህች ሰዓት ክንዴን እዩ» ብዬ መለስኋት።

ትናንት ሳምንቱ ደረሰ። ክንዴን ገልጬ በየፊታቸው ዞርሁ። ቄሰ ገበዙ አገላብጠው አዩት፤ ምንም የለም። ወለተ ሥላሴም አየችው፤ አሸችው፤ ከዚያ «ምናልባት እርስዎን ንቃ ይሆናል፤ ለሽንቷም አላበቃዎት» አለች። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ቢሆንም «እንግዲህ እንስራዬን ለጠላ አደርገዋለሁ» ብላለች። የሷን ቃል አውቀዋለሁ።

ዘመድ ነሽና እውነቱን እወቂ። ወደ ጣሳው ስመልሳት አውራ ጣቴን ነክሳኛለች። ሁለት ቀን እንደ እሳት አቃጠለኝ። ለሰንበቴው አልተናገርሁም። የተጠየቅሁ ስለ ሽንቷ እንጂ ስለ ጥርሷ አይደለም።

ስሜን አትስጫት። ሰው ሸረሪት እያየ «ዓለምነው» ሲል መስማት አልፈልግም። ያለምወርቅ ብለሽ ሰይሚያት። አያትሽም ከደጇ ሳትርቅ ልጆቿን አሳድጋ የኖረች ሴት ናት።

ቦታው ━━━━ ነው፤ ከ━━━━ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ቁልቁለት። ይህን የጻፍሁልሽ የያለምወርቅ ልጅ በመሆንሽ ነው። ጥያቄዬን ግን አልመለስሽም። ዘንግተሽው ይሆናል፤ እደግመዋለሁ። ስሙ ሲታተም የሚያነበው ማን ነው? አንብቦስ ምን ያደርጋል?

አጉሊ መነጽር ላኪልኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

ዓለምነው ቢተው

ፕራግ፣ ኅዳር 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

አዲሱ ሺህ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልዎ። ስድስት ወር ዝም በማለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራው ፋታ አልሰጠኝም፤ አሁን ግን አልቋል። ታትሟል! ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ከሳይንስ ስሟ በስተኋላ የአያቴን ስም፣ በግርጌው ደግሞ የእርስዎን ስም ያያሉ። «ለአቶ ዓለምነው ቢተው፣ የ━━━━ ነዋሪ፣ ያለ እርሳቸው ይህ ሥራ ባልተሠራ ነበር» ይላል። ጠርሙሱም ፎቶ ተነሥቷል።

አጉሊ መነጽሩን በጥጥ ጠቅልዬዋለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፣ የሚያነቡት ሊቃውንት ናቸው። አያስቡ።

በጣም የምትወድዎ፤
ማርያማዊት

የካቲት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማርያማዊት አንተነህ፤

ሰላምታዬን ከደብዳቤው መጨረሻ ፈልጊው። መጀመሪያ የሆነውን ስሚ።

የካቲት 6 ቀን ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ፈረንጅና አንድ አስተርጓሚ በመኪና መጡ። «ከማርያማዊት ዘንድ ነው የመጣነው» አለኝ አስተርጓሚው። ፈረንጁ ያን የታተመውን ወረቀት አውጥቶ ስምሽን በጣቱ አሳየኝ፤ ቀጥሎ የኔን ስም አሳየኝ። አንቺ አገሩን ካልረሳሽ ታውቂያለሽ፤ በኛ ዘንድ የሰው ወረቀት ይዞ የመጣ እንደ ላኪው ነው የሚከበር። ዶሮ አረድሁ። አልጋዬን ለቀቅሁ። እኔ መደብ ላይ አደርሁ።

በማግስቱ ዓርብ ማልደን ወጣን። ራሴ መራኋቸው፤ ራሴ ስንደዶ ይዤ የትኛው ባለቤት እንዳለው አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ፈረንጁ ከኋላዬ ትናንሽ ጠጠር እያስቀመጠ ይከተለኝ ነበር። «ለምንድን ነው?» ብል «ለቆጠራ» አሉኝ። ደስ አለኝ። የሚቆጥር ሰው እወዳለሁ።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን «ዝናብ መለኪያዬን አይቼ እመለሳለሁ፤ እዚሁ ጠብቁኝ» አልሁ። አስተርጓሚው «ከዓመት እስከ ዓመት በዚህ ሰዓት ነው?» አለኝ። «አዎ፤ አንድ ቀን አልፎኝ አያውቅም» አልሁት። እንዲያውም ኰራሁ።

ስመለስ መኪናው የለም። ጠጠር የተቀመጠበት ሁሉ በአካፋ ተገልብጧል። በሜትርሽ ለካሁ፤ በመነጽርሽ አየሁ። ሃያ ሰባት ጉድጓድ። ሁሉም የሴት ነው። አንድ የእንቁላል ከረጢት ተረግጦ አፈሩ ላይ ቀርቷል፤ ልጆቹ ሰናፍጭ ያህላሉ። ስድሳ አንድ የነበረው ሠላሳ አራት ሆነ።

የዚያን ዕለት በመዝገቤ የጻፍሁት ዜሮ ነው። ዝናብ አልነበረም። ሃያ ሰባቱን በአንድ ዜሮ ለወጥኋቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደጃፉን ያሳየሁ እኔ ነኝ። ግን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። መጀመሪያ ዝም አልሽኝ፤ ቀጥሎ «አያስቡ» አልሽኝ። የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ይላል። «አያስቡ» የሚል የሚያውቅ ሰው ነው።

ሜትርም መነጽርም አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቦታውን ስም ሠርዢው።

ሰላም ለያለምወርቅ ነፍስ ይሁን።
ዓለምነው ቢተው

ፕራግ፣ መጋቢት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአባባ፤

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

አውቅ ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ያሉ ሸረሪቶችን በመስታወት ሣጥን ቤታቸው የሚያኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም፤ ቤት ውስጥ የተፈለፈለውን ነው የሚገዙት። ግን አዲስ ዓይነት ተገኘ ሲባል ከሁሉ በፊት ለማግኘት እብድ የሚሆኑ አሉ። ለነሱ የሚቆፍሩ ነጋዴዎች የሊቃውንትን ጽሑፍ የሚያነቡት የቦታውን ስም ለመፈለግ ነው። በሌላ አገርም ይህ ደርሷል።

ይህን ብጽፍልዎ ስሙን እንደማይሰጡኝ አወቅሁ። ስለዚህ ዘለልሁት። ማታለሌ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የታተመውን መሠረዝ አልችልም። በየቤተ መጻሕፍቱ ገብቷል። ምን ላድርግ? ይህን ስጠይቅዎ የመጀመሪያዬ ነው።

ማርያማዊት

ፕራግ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአባባ፤

መልስዎ አልደረሰኝም። እንደማይደርሰኝም አስቤአለሁ። የሠራሁትን ግን ማወቅ ይገባዎታል።

በግንቦት ወር ከዚህ በባቡር አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ የእንዲህ ያሉ እንስሳት ገበያ ነበረ። ሄድኩ። የአያቴን ስም በፕላስቲክ ሣጥን ላይ፣ ከዋጋ ጋር ተለጥፎ አየሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ተቆጣጣሪዎቹን ጠራሁ። ሻጩ ፈቃድ አልነበረውም። ከሃያ ሰባቱ ዘጠኙን ወሰዱበት፤ የቀሩትን ሸጧቸዋል ወይም ሞተውበታል። ዘጠኙ አሁን በሙዚየማችን በእኔ እጅ ናቸው። በሽታ ይዘው እንዳይመለሱ ስለሚፈራ ወደ አገራቸው አይላኩም። ግን አንዷ እንቁላል ጥላ ከረጢቷን ታቅፋለች።

ከዚህ በኋላ እኔም ባልደረቦቼም ስለ እሷ በምንጽፈው ሁሉ ቦታው «ጎጃም» ብቻ ይባላል። ጽሑፉን ያሳተሙትም ተስማምተዋል። የመጀመሪያውን ወረቀት ግን ከዓለም መሰብሰብ አልችልም። በእሱ የሚመጣውን ሰው የሚያቆም እዚያ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ክረምቱ ይባረክልዎ፤
ማርያማዊት

ጥቅምት 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለማርያማዊት አንተነህ፤

ክረምቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ በጋሽንም ይባርክልሽ። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ጤፉም ይዟል።

እስከ ሰኔ ዝም ያልሁ ተቆጥቼ ነው። ከሰኔ ወዲህ ዝም ያልሁ ሥራ ስለያዝሁ ነው። «አውቅ ነበር» ብለሽ ስለጻፍሽ ቁጣዬ ወጣልኝ። ሐሰቱን ካመነ ሰው ጋር መሥራት ይቻላል።

የሠራሁትን ስሚ። መዝገቤን ከ1981 ጀምሮ አገላበጥሁ። እነዚህ ሸረሪቶች ውኃ የማይተኛበት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ቀይ አፈር ይወዳሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ሌላም ቦታ ይኖራል ብዬ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። በደምበጫ መንገድም ሄድሁ፤ በአማኑኤል መንገድም ሄድሁ። ሁለት ጫማ ጨረስሁ። ሁለተኛ ቦታ አገኘሁ፤ ከዚያ ሦስተኛ አገኘሁ። በሁለተኛው አርባ ስምንት፣ በሦስተኛው ዐሥራ ዘጠኝ አለ። የት እንደሆነ አልነግርሽም። አትጠይቂኝም።

ለፊተኛው ቁልቁለት ደግሞ ቄሰ ገበዙን ያዝሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ጥድና ወይራ በግዝት የተጠበቀ ነው፤ ቅርንጫፍ የሰበረ ከቁርባን ይለያል። «ቁልቁለቱም ከነጉድጓዱ ይጨመርበት» አልኋቸው። ሦስት እሑድ አሰቡበት። እንዳላማው «ለሸረሪት ግዝት ከወጣ ለከርሞ ቁንጫም ይለምናል» እያለ አሾፈ። ቄሰ ገበዙ በመጨረሻ «የፈጠራት ካላፈረባት እኔ ለምን አፍራለሁ?» ብለው በነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዕለት በሕዝብ ፊት ገዘቱ። የቆፈረም፣ ያስቆፈረም፣ ለባዕድ ያሳየም። ሦስተኛውን ሲናገሩ እኔን እያዩ ነበር። አቀርቅሬ ሰማሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዘንድሮ ዝናቡ ጥቅምት 3 ቀን አባራ። ወንዱ የሚወጣበት ሰሞን ስለደረሰ ከዐሥራ አንድ ጀምሮ ከጧት እስከ ማታ ቁልቁለቱ ላይ እቀመጥ ነበር። ለሦስት ሰዓት ወደ ቤቴ ወርጄ ለክቼ እመለሳለሁ። ጥቅምት 14 ቀን ዓርብ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ሁለት ሰዎች ሽቅብ መጡ። አንዱ ፈረንጅ ነው፤ ሁለተኛው ያገር ልጅ፣ አንደበቱ ማር። የፊተኞቹ አይደሉም። ያው ወረቀት ግን በእጃቸው አለ።

«አባት፣ ከማርያማዊት ሰላምታ ይዘን ነው» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ» አልሁ። እንግዳ ማባረር አልችልም፤ ማብላት እችላለሁ። ወለተ ሥላሴ ቁርሴን፣ የጾም ሽሮ፣ ይዛልኝ ወጥታ ነበርና ከነሱ ጋር ቆረስን። ፈረንጁ ብዙ በላ። ስለ አገሩ ጠየቅሁት፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት። ስለ ጉድጓዱ ግን አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ ስንደዶዬንም ከሥሬ ቀበርሁት።

አስተርጓሚው ሰዓቱን ያያል። እኔም የኔን አያለሁ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ከዚያ ልጁ እንዲህ አለኝ፦

«አባት፣ ዝናብ መለኪያዎ አይረፍድብዎትም? እኛ እዚሁ እንጠብቅዎታለን።»

መለኪያ እንዳለኝ አልነገርሁትም ነበር።

ልጄ፣ የዚያን ጊዜ ጉልበቴ ራሱ ሊነሣ ቃጣው። ሠላሳ ዓመት ከሦስት ወር በዚያች ሰዓት የተነሣ ጉልበት ነው፤ አንቺ ብትይዢውም አይያዝልሽም። በሁለት እጄ ተጫንሁት።

«ዛሬ እንግዳ አለኝ» አልሁት።

ወለተ ሥላሴ ገበታውን ልታነሣ አጎንብሳ ነበር፤ እንደዚያው ቀረች። «አያ ዓለምነው! ታመሙ እንዴ? ሦስት ሰዓት እኮ ነው!» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ ሮጬ ልይልዎ? ቁጥር አውቃለሁ፤ የመሠረተ ትምህርት ወረቀት አለኝ።»

«ሌላ ሰው ያየውን እኔ አልጽፍም።»

አንድ ጊዜ እኔን አየች፤ አንድ ጊዜ የልጁን ሰዓት አየች። ገባት። ገበታውን መልሳ አስቀመጠችና አጠገቤ፣ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ከሚባለው ጉድጓድ ፊት ለፊት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ዘፍ አለች። ከዚያ ወደ ታች «እንዳላማው ሆይ! እንግዳ አለን፤ ና ተጫወት!» ብላ ተጣራች። እንዳላማው መጣ። ቄሰ ገበዙ መጡ። ሌሎችም ሥራቸውን እየተዉ ወጡ። ማንም አልተቆጣ፤ ማንም ዱላ አላነሣ። ሁሉም በያለበት ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ሰንበቴ መሰለ። እንዳላማው ልጁን «ለመሆኑ ይቺን ሸረሪት ትገዛላችሁ አሉ፤ ስንት ትታለባለች?» አለው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲናገራት እኔም ሣቅሁ።

ቄሰ ገበዙ ግዝቱን በለሆሳስ ነገሩት። ልጁ ያገር ልጅ ነውና ፊቱ ተለወጠ። ለፈረንጁ ምን ብሎ እንደተረጐመለት አላውቅም። በአምስት ሰዓት ተነሥተው ሄዱ። እስከ መኪናው ሸኘናቸው፤ ሥርዓት ነው።

«በአምስት ሰዓት ሄደህ ማየት ትችል ነበር» ትዪኝ ይሆናል። እንዳላማውም ይህንኑ አለኝ። በአምስት ሰዓት የታየ የሦስት ሰዓት አይባልም።

በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ወንዱ መጣ። ከወይራው ሥር ወጥቶ ቁልቁለቱን አቋርጦ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ደጅ ቆመ፤ በፊት እግሩ ድሩን መታ መታ አደረገ። ወለተ ሥላሴ አፏን ይዛ «ይሉኝታ ያለው ነው፤ እያንኳኳ!» አለች። በመነጽርሽ አየነው፤ በየተራ። ከሠላሳ አራቱ ሌላ፣ የስንዴ ፍሬ የማያስገቡ ጥቃቅን አዳዲስ ጉድጓዶች ሃያ ሦስት ቆጥሬአለሁ። በየካቲት ያልተቆፈሩት እናቶች ልጆች ናቸው። ስምንት ዓመት ይፈልጋሉ። እንጠብቃለን።

ያንቺ ዘጠኙ እዚያው ይደጉ። እንቁላሉ ሲፈለፈል ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ በግምት ሳይሆን ቆጥረሽ። አንቺም ለመምጣት ብታስቢ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ወረቀት ሳትይዢ ነይ። በወረቀት የሚመጣ ሰው ከእንግዲህ ይበላል እንጂ አያይም፤ አንቺን በፊትሽ እናውቅሻለን።

የሜትሮሎጂ ሰዎች መዝገቡን ሲያዩ ይጠይቁኛል። ይጠይቁ። መልሴ እዚያው በቦታው ተጽፏል። አንቺም እንድታውቂው የዚያን ሳምንት መስመር ገልብጬልሻለሁ።

ጥቅምት 12፦ ዜሮ።
ጥቅምት 13፦ ዜሮ።
ጥቅምት 14፦ አልታየም። ምክንያት፦ እንግዳ ነበረኝ።
ጥቅምት 15፦ ዜሮ።

ዓለምነው ቢተው